422 ሰው ከየት መጣ? ጥናት ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ጓደኛዬ የመመረቂያ ጥናቱን በፈታኞች ፊት ሊከላከል ዲፌንስ ላይ ቆሟል። ስላይዱ ያምራል፣ ሱፉ ያምራል። ኤግዛሚነሩ ገና ሦስተኛው ስላይድ ላይ አስቆመው።

«ይሄ 422 ሰው ከየት መጣ?»

ጓደኛዬ ቀመሩን ማንበብ ጀመረ። «ቀመሩንማ አየሁት። ለምን ይሄን መረጥክ ነው የምልህ» አለው። ዝም። እውነቱን እንዳይናገር እውነቱ የሚያሳፍር ነው፤ ከሲኒየሩ ቲሲስ ላይ ነው የገለበጠው።

የተማሪዎችን ዳታ በመተንተን ሳግዝ ጥቂት ዓመታት አለፉኝ። ከማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ስታቲስቲክስ ካለማወቅ የሚመጡ አይደሉም። ያለፈው ዓመት ተማሪ የሠራውን «ለምን?» ሳይሉ ከመውሰድ የሚመጡ ናቸው። እሱም የወሰደው ከሱ በፊት ከነበረው ነው።

ናሙናን መገልበጥ

እስቲ 422 እንዴት እንደሚወጣ እንየው። 95 በመቶ እርግጠኛ መሆን ትፈልጋላችሁ፤ ለዚህ ቀመሩ ውስጥ 1.96 ይገባል። የምታጠኑት ነገር በሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል እንደተስፋፋ ስለማታውቁ 50 በመቶ ነው ብላችሁ ትነሳላችሁ። 5 በመቶ የስህተት ህዳግ ትፈቅዳላችሁ፤ ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም በ5 ቢሳሳት ችግር የለም ማለት ነው። ሲሰላ 384 ይወጣል። መልስ አንሰጥም ለሚሉ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመር 422። የጤና ጥናቶቻችንን ብታገላብጡ ይሄ ቁጥር እንደ ስልክ ኮድ ይደጋገማል። የቢዝነስ ልጆችም የራሳቸው አላቸው፤ በያማኔ ቀመር የሚመጣው ወደ 400 የሚጠጋ ቁጥር።

ቀመሩ ምንም አላጠፋም። ግን የሚመልሰው «ከመቶ ሰው ስንቱ?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ነው። ሁለት ቡድን ማወዳደር ከፈለጋችሁ ሌላ ስሌት አለው። የምታጠኑት ችግር ከመቶ ሰው ሁለቱን ብቻ የሚነካ ከሆነ ደግሞ 5 በመቶ ህዳግ ቀልድ ነው። ከ2 ላይ 5 ሲቀነስ ከዜሮ በታች ይገባል። ከዜሮ በታች የታመመ ሰው አላየሁም።

በሆስፒታሉ ያሉት ነርሶች በጠቅላላ 180 ቢሆኑስ? 422 ነርስ ከየት ይመጣል? ለትንሽ ሕዝብ የሚደረገው ማስተካከያ ሲገባበት 123 ይበቃል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን 180ውንም ጠይቁ። ልዩነቱ የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ ከናሙና ጣጣም ትገላገላላችሁ።

አገር የሚያህል ርዕስ

«በኢትዮጵያ የትምህርት ጥራት ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ጉዳዮች።» ውስጡ ሲገባ ሁለት ትምህርት ቤት ነው። ጥራት የሚባለውን የሚለካ ጥያቄም የለም፤ መምህራን ስለ ጥራት ምን እንደሚያስቡ ብቻ ተጠይቀዋል። ርዕሳችሁን ጽፋችሁ እያንዳንዱን ቃል ከመጠይቁ ጋር አዛምዱት። ይሄን ቃል የሚለካው የትኛው ጥያቄ ነው? መልስ ያጣችሁለትን ቃል ከርዕሱ አውጡት።

ሁለቱን አቆጣጠር ማደባለቅ

ይሄኛው የራሴ ጉድ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ስናጠና የትውልድ ዓመት ጠየቅን። ልጆቹ በኛው አቆጣጠር መለሱ። እኔ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ካለው ዓመት ቀነስኩ፤ ላፕቶፑ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ነው። አማካይ ዕድሜያቸው 24 ወጣ። ደንግጬ ማቆም ሲገባኝ፣ የገጠር ልጆች ዘግይተው ትምህርት ስለሚጀምሩ ነው ብዬ አንድ ሙሉ አንቀጽ ማብራሪያ ጻፍኩለት! አድቫይዘሬ አንብበው ሳቁ። «ልጄ፣ እነዚህ ልጆች ስምንት ዓመት ያረጁት አንተ ላፕቶፕ ውስጥ ነው» አሉኝ።

ልጆች በመሆናቸው ተረፍኩ። የ40 ዓመት ሰው 48 ተብሎ ቢመዘገብ ማን ይነቃል? ስህተቱም አንድ ወጥ አይደለም። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ዳታ መሰብሰቡ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ከዘለቀ ግማሹ ሰው በሰባት፣ ግማሹ በስምንት ዓመት ያረጃል።

ወሩም ጣጣ አለው። ዳታ የምንሞላበት ፕሮግራም አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። የካቲትን ፌብሩዋሪ ብለው ሞልተው የካቲት 30 ላይ ሲደርሱ እምቢ ይላል። የደከመው ዳታ ኮሌክተር 28 ብሎ ያልፋል። ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ተሰጠ ወይስ አልተሰጠም ብሎ ለሚያጠና ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰዓትም እንደዚያው ነው። «ማታ 4 ሰዓት እተኛለሁ» ያለ ሰው ሌሊት አሥር ሰዓት የሚተኛ እንቅልፍ አልባ ሆኖ ተመዝግቦ አይቻለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቀን የሚጠይቅ ጥያቄ ሁሉ አጠገቡ አቆጣጠሩ ይጻፍ። ኦዲኬ በሚባለው የስልክ መጠይቅ መሙያ የምትሰበስቡ ከሆነ የቀን ጥያቄው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ጠያቂው በለመደው ይሞላል፣ ፋይሉ ውስጥ ወደ ፈረንጆቹ ተቀይሮ ይቀመጣል።

እርሻ የምታጠኑ ደግሞ ጥማድን ታውቃላችሁ። ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው። ብዙ ጊዜ ሩብ ሄክታር ተብሎ ይያዛል፤ ግን ዋልካ መሬትና ቀላል አፈር እኩል አይታረሱም፣ በሬም ከበሬ ይለያያል። ወረዳው ላይ ጥቂት ማሳ በሜትር ለክታችሁ የራሳችሁን መቀየሪያ አውጡ።

ይሉኝታን መርሳት

የጤና ጣቢያው ነርስ ጋዋኗን ለብሳ፣ እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ አንዲትን እናት «በአገልግሎታችን ረክተዋል?» ብላ ትጠይቃለች። እናትየው ምን ይበሉ? በሚቀጥለው ወር ልጃቸውን ይዘው እሷው ዘንድ ይመጣሉ። «ተመስገን ነው፣ ጥሩ ነው» ይላሉ። ነርሷ «በጣም ረክቻለሁ» ላይ ምልክት ታደርጋለች። ይሄ እንግዲህ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ተተንትኖ የእርካታ ደረጃ ይባላል።

ጠያቂው ከሌላ ቦታ የመጣ ይሁን። ጋዋኑ ይውለቅ። ከሁሉም በላይ ስሜትን ትታችሁ የሆነውን ጠይቁ። «ዛሬ ስንት ሰዓት ጠበቁ? የታዘዘልዎትን መድኃኒት እዚሁ አገኙ? ስለ አወሳሰዱ ያስረዳዎት አለ?» ሰው ነርሷን አልወደድኳትም አይልም። ሦስት ሰዓት ጠበቅኩ ግን ይላል።

ትርጉሙም ያው ነው። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስሜትዎ ወደ ታች ወርዷል?» ተብለው የተጠየቁ አንዲት አሮጊት «የት ነው የሚወርደው ልጄ?» ብለዋል። ሆድዎን ባር ባር ይልዎታል ወይ ቢባሉ ኖሮ ወዲያው ይገባቸው ነበር። መጀመሪያ በአማርኛ ተፈትሾ የታተመ መጠይቅ እንዳለ ፈልጉ፤ የድብርት መለኪያው ፒኤችኪው-9 ለምሳሌ አለ። ከሌለ አንድ ሰው ይተርጉም፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛው ይመልሰው፣ ከዚያ ከጥናቱ ውጪ ባሉ ጥቂት ሰዎች ላይ ሞክሩት። ፕሪቴስት ተሠራ ብሎ ፕሮፖዛል ላይ መጻፍና መሥራት ለየብቻ ናቸው።

ፒ ቫሉ ማጥመድ

ይሄን ጥያቄ በስልክም በቴሌግራምም እሰማዋለሁ፦ «ሲግኒፊካንት አልወጣልኝም፣ ምን ላድርግ?» ምንም አታድርግ፤ ግኝትህ እሱ ነው። ግን አብዛኛው ሰው 40 ጥያቄውን በየተራ እያጋጨ ፒ ቫሉው (ምንም ግንኙነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በዕድል ብቻ የመውጣቱ ዕድል) ከ0.05 በታች የወጣውን ይለቅማል፤ «ሲግኒፊካንት» የሚሉት እሱን ነው። ይህቺን 0.05 በ1925 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ባሳተመው መጽሐፉ ያስለመዳት ሮናልድ ፊሸር ነው፤ ከሃያ አንዴ ማለት ናት። ምንም ግንኙነት ሳይኖር ሃያ ጊዜ ብትሞክሩ በአማካይ አንዱ በዕድል ብቻ ይወጣላችኋል።

በ2009 ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ የሞተ ሳልመን ዓሣ ኤምአርአይ ውስጥ አስገቡ። የሰዎች ፎቶ እያሳዩት ሰውየው ምን እንደሚሰማው እንዲገምት ጠየቁት። ዓሣውን። የተለመደውን ትንተና ሲሠሩ የሞተው ዓሣ አንጎል ውስጥ «እንቅስቃሴ» ተገኘ! የሙከራዎቹ ብዛት ታሳቢ ተደርጎ ሲታረም ጠፋ። በ2012 ለዚህ ሥራቸው ኢግ ኖቤል የሚባለውን የቀልድ ሽልማት ወሰዱ። እናንተም ዋናውን ጥያቄያችሁን ዳታ ከመሰብሰባችሁ በፊት ወስኑ። ሌላው ሁሉ በአጋጣሚ የታየ ተብሎ ይጻፍ።

ያላነበቡትን መጥቀስ

ከሌላ ሰው ቲሲስ ላይ ምንጭ መቅዳት ድሮም ነበር። አሁን ቻትጂፒቲ ተጨመረበት። ደራሲው እውነተኛ፣ ጆርናሉ እውነተኛ፣ ጽሑፉ ግን የትም የሌለ ምንጭ ይሠራላችኋል። ያልከፈታችሁትን አትጥቀሱ፤ በቃ።

ከፍታችሁም የተሻረ፣ ማለትም ጆርናሉ ራሱ የሰረዘው እንዳይሆን እዩ። የኩፍኝ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው፣ በ12 ልጆች ላይ የተሠራው የ1998ቱ የዌክፊልድ ጽሑፍ ላንሴት በሚባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ነው የወጣው። ላንሴት የሻረው በ2010 ነው። ዞቴሮ የሚባለውን የምንጭ ማደራጃ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ እንዲህ ያለ የተሻረ ጽሑፍ ስታስገቡ ራሱ ያስጠነቅቃል።

ስለ ስምም አንድ ነገር። አበበ በሶበላ የሚባል ተመራማሪ ቢኖር ሶፍትዌሩ «በሶበላ፣ አ.» ይለዋል። የአባቱን ስም ነው የጠቀሳችሁት፤ ሥራውን የሠራው ግን አበበ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ላይ የሚያተኩሩ ጆርናሎች ሙሉ ስሙን በራሱ ስም ጀምረው ይጽፋሉ። ዞቴሮ ላይ ስሙን በአንድ ሳጥን እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። ዩኒቨርሲቲያችሁ የፈረንጁን መንገድ ካስገደዳችሁ ቢያንስ አንዱን ሰው አንድ ጊዜ በራሱ፣ አንድ ጊዜ በአባቱ ስም አትጥቀሱት።

«የተከበሩ ፕሮፌሰር» የሚል ኢሜይል

ገና ማስተርስ ሳትጨርሱ ፕሮፌሰር ብሎ የሚጽፍላችሁ ጆርናል የሚፈልገው ገንዘባችሁን ነው። በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ የተበላሸ የካንሰር መድኃኒት ጽሑፍ ለ304 ጆርናሎች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት። በአንድ ሳምንት ታትሞ ይወጣል የሚል ካያችሁ ዝጉት።

ፋይሉን አለማክበር

ኢኮኖሚስቶቹ ራይንሃርትና ሮጎፍ በ2010 ባወጡት ጽሑፍ፣ ዕዳቸው ከአገራዊ ምርታቸው 90 በመቶ በላይ በሆነ አገሮች አማካይ ዕድገት ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ ነው አሉ። ፖለቲከኞች ይዘውት ዞሩ። በ2013 ቶማስ ሄርንደን የተባለ ተማሪ ለክፍል ሥራ ብሎ ሊደግመው ሞከረ፤ አልመጣለትም። ኤክሴሉን ከባለቤቶቹ ጠይቆ ከፈተው። አማካዩን የሚያሰላው ቀመር አምስት አገሮችን ዘሏል። ሌሎቹም ጉድለቶች ታርመው ሲሰላ 2.2 በመቶ ወጣ።

ስለዚህ ጥሬው ዳታ እንደመጣ ይቀመጥ፤ አትንኩት። የምታጸዱት ኮፒውን ነው። የቀየራችሁትን በአንድ ገጽ ላይ መዝግቡ፤ የትኛውን መስመር፣ ለምን። ከላፕቶፑ ውጪ ሌላ ቦታም አስቀምጡ፤ ፍላሽ አይበቃም። የፋይሉ ስም ላይ ቀን ስትጽፉ ታዲያ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።