የኒኮ ኬስን የመጀመሪያ አልበም እንዴት እንስማው?

ካንትሪ (ሥሩ ከአሜሪካ ገጠር የሆነ ሙዚቃ) መስማት የሚፈልግ ጓደኛ «ከየት ልጀምር?» ሲለኝ፣ ዘፋኟ ኒኮ ኬስ በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን «ዘ ቨርጂኒያን» ነው የምሰጠው። የመጀመሪያ አልበሟ ነው። የሌሎች ሰዎች ዘፈንም፣ የራሷም አለበት። እንዲያው ከፍቶ ከመተው ግን ጊዜ ሰጥቶ መስማት ይሻላል።

ቀድማችሁ ይህችን ብቻ እወቁ። ኒኮ ያደገችው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ታኮማ ውስጥ ነው። ካናዳ ቫንኩቨር ሥነ ጥበብ እየተማረች በፐንክ (ፈጣንና ጯሂ ሮክ) ባንዶች ድራም ትመታ ነበር። ካንትሪ ስትዘፍን ድምጿን የማትቆጥበው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ አልበሙን ከላይ እስከ ታች አንዴ ስሙት። ዘፈኖቹን ማን እንደጻፋቸው አትዩ። ወረቀት ያዙና «ይሄ የቆየ ዘፈን መሆን አለበት» ያላችሁትን ምልክት አድርጉበት። በስልክ ስፒከር ግን አይሁን፤ ድምጿ ከፍ ሲል ይሰነጣጥቀዋል። ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ።

ከዚያ የደራሲዎቹን ስም ተመልከቱ። «ሚስፋየር» የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የኩዊን ዘፈን ነው! ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ዲከን የጻፈው ሲሆን፣ በ1974 በወጣው «ሺር ሃርት አታክ» ላይ ይገኛል። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። «ዳቸስ» ደግሞ የዘፋኙ ስኮት ዎከር ነው፤ የ1969 ሥራ። እነዚህን ከቀደምቶቹ የካንትሪ ዘፋኞች ከኧርነስት ታብና ከሎሬታ ሊን፣ እንዲሁም ከወንድማማቾቹ ከኤቨርሊ ብራዘርስ ዘፈኖች ጋር አንድ ላይ አስቀምጣቸዋለች። አልበሙን የምወደው አንዱ ለዚህ ነው። ጥሩ ዘፈን ከየትም ይምጣ፣ እሷ ጋ ሲደርስ ካንትሪ ይሆናል።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል። «ታንክስ ኤ ሎት»ን ውሰዱ። መጀመሪያ የኧርነስት ታብን ስሙ፣ ወዲያው የእሷን አስከትሉ። ዘፈኑ ልቡን ሰብሮ ለሄደ ሰው የሚሰጥ የመረረ ምስጋና ነው። ታብ በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ ሳይቸኩል፣ ምስጋናውን እንደ ዋዛ ጣል ያደርገዋል። ሐዘኑን ውጦታል። ኒኮ ግን አትውጥም፤ ፊት ለፊት ቆማ ትናገረዋለች። ቃሉ አንድ ነው፣ ዜማው አንድ ነው፣ የተጎዳው ሰው ግን ሌላ ነው። እኛ አንዱን ትዝታ ሁለት ድምፃዊ ሲያወርደው ልዩነቱን አጥርተን የምናውቅ ሰዎች ነን። ያንኑ ጆሮ እዚህም ተጠቀሙበት። በሌሎቹም እንዲሁ አድርጉ፣ ግን በአንድ ቀን አትጨርሷቸው፤ ጆሮ ይደክማል።

በመጨረሻ ወደ ራሷ ዘፈኖች ተመለሱ። ብዙዎቹን ከሌሎች ጋር ነው የጻፈቻቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፦ ከታብና ከሎሬታ ሊን ዘፈን ጎን ሲሰሙ ያንሳሉ? የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን አያንስም፤ በዚህ አልከራከርም። ሌሎቹ ላይ የድሮው ካንትሪ ጥላ ገና አልለቀቀም። ይህን ስል እያጣጣልኳቸው አይደለም፤ ከማን እንደተማረች በግልጽ ታሳያለች።

ከወደዳችሁት በ2000 የወጣውን «ፈርነስ ሩም ለላባይ» ቀጥሉ። እዚያ በሁሉም ዘፈኖች ድርሰት ላይ የራሷ እጅ አለበት። «ስራይስ ኦል አሜሪካን» ስለ ታኮማ ነው፤ ሌላው የሚንቃትን ከተማ ደረቷን ነፍታ ትወዳታለች። ከእሱ ጀምሩ።