ልጅዎን ከጦር መሣሪያ አደጋ እንዴት ይጠብቃሉ? በሜሪላንድና በአካባቢዋ ለምንኖር ወላጆች

በአሜሪካ ከ2020 ወዲህ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 19 ዓመት የሆኑትን በመግደል ከመኪና አደጋ በልጦ ቀዳሚውን ቦታ የያዘው የጦር መሣሪያ ነው። ስለ ትምህርት ቤት ተኩስ ስንሰማ ሐሳባችን የሚሄደው ወደ በሩ፣ ወደ ጥበቃውና ወደ ካሜራው ነው። ይሁን እንጂ ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሲክሬት ሰርቪስ በ2019 ባወጣው ጥናት፣ በትምህርት ቤት በጦር መሣሪያ ጥቃት ካደረሱት ተማሪዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል መሣሪያውን ያገኙት ከወላጃቸው ወይም ከቅርብ ዘመዳቸው ቤት ነበር። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመኝታ ቤት መሳቢያ ነው።

1. የግዛትዎን ሕግ ይወቁ

በሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ የጸናው የጦር መሣሪያ አቀማመጥ ሕግ በጄይሊን ስም ይጠራል። ጄይሊን በማርች 2018 በግሬት ሚልስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የአባቱን ሽጉጥ ይዞ በመጣ ተማሪ የተገደለች የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ሕጉ ቀድሞ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ብቻ የነበረውን ጥበቃ ወደ 18 ዓመት ከፍ አድርጎታል፤ ማንም ባይጎዳም እንኳ ጥይት የጎረሰ መሣሪያን ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መተው ያስቀጣል። ወንዙን ተሻግረን ቨርጂኒያ ስንገባ በ2020 የተሻሻለው ሕግ የሚናገረው ከ14 ዓመት በታች ስላሉ ልጆች ነው። እንዲህ ያሉ ሕጎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ጎረቤት የነገረዎትን ሳይሆን የግዛቱ ምክር ቤት በድረ ገጹ ያወጣውን ያንብቡ። ተጠያቂነቱ ከዚህም ሊብስ ይችላል፤ በሚሺጋን፣ በኦክስፎርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2021 አራት ተማሪዎችን የገደለው ልጅ እናትና አባት በ2024 ከ10 እስከ 15 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል።

2. ይቆልፉ

ጥይቱ ይውጣ፣ ሽጉጡ ይቆለፍ፣ ጥይቱም ለብቻው በሌላ ቦታ ይቆለፍ። ብዙ የፖሊስ ጣቢያዎች በመሣሪያው ውስጥ የሚያልፍ የሽቦ ቁልፍ በነጻ ይሰጣሉ። እኔ ግን ቁጥር የሚገባበትን የብረት ሣጥን እመርጣለሁ፤ ቁጥሩም የልጅ ልደት አይሁን። ቁም ሣጥን ላይ ወይም ከፍራሽ ሥር መደበቅ መቆለፍ አይደለም።

3. ልጅዎ ወደሚሄድበት ቤት ደውለው ይጠይቁ

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። ልጄ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ወዳጄ ቤት ክርስትና ተጠርተን ሄድን። እንግዳው ብዙ ስለነበር ኮታችንን መኝታ ቤት አልጋው ላይ ከመርን፤ ልጆቹም ታብሌታቸውን ይዘው እዚያው ገቡ። ቶናው እየተቀዳ ሳለ ልጄ መጥቶ ቀሚሴን ጎተተና «እማዬ፣ ቻርጀር ስንፈልግ የእውነት ሽጉጥ አገኘን» አለኝ። ሄጄ ሳይ መሳቢያው ተከፍቶ፣ ሽጉጡ ከመድኃኒት ብልቃጥና ከተጠቀለለ ካልሲ ጎን ተጋድሞ፣ የአምስት ዓመቷ የወዳጄ ልጅ አጠገቡ ተንበርክካ ነበር። አባትየው ታክሲ ሲነዳ ሌሊት ከተዘረፈ በኋላ የገዛው ነው፤ ጥይትም ጎርሷል። ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ቤት ስመላለስ ይሉኝታ ይዞኝ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

መጠየቅ ስጀምርም በመጀመሪያ አበላሸሁት። በር ላይ ቆሜ፣ ሰው እየሰማ፣ «እናንተ ጋ መሣሪያ አለ እንዴ?» ያልኋት እናት «ምን አስበሽን ነው?» ብላ ተቀየመችኝ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ለእኛ ጆሮ የምርመራ ቃል ነው፤ ቀላሉ መልስም «የለም» ማለት ነው። አሁን አንድ ቀን ቀደም ብዬ እደውላለሁ። ልጄ ኦቾሎኒ እንደማይስማማው ከተናገርሁና ስለ ውሻው ከጠየቅሁ በኋላ የራሴን አስቀድሜ እንዲህ እላለሁ፦ «እህቴ፣ እኛ ቤት የባለቤቴ ሽጉጥ ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው። እናንተም ካላችሁ ተቆልፎበታል ወይ? የእኔ ልጅ የማይከፍተው መሳቢያ የለም።» የምጠይቀው መኖሩን ሳይሆን መቆለፉን ስለሆነ፣ ነገሩንም በራሴ ልጅ ስለማሳብብ፣ እስካሁን ማንም አልተቀየመኝም። መልሱ ካላሳመነኝ «እንግዲያውስ ልጆቹ እኛ ጋ ይምጡ» እላለሁ። መሣሪያ ክብር በሆነበት አገር ላደጉ ታላላቆቻችን ደግሞ ባለቤቴ «ጋሼ፣ ለልጆቹ ሲባል ይህችን ልግጠምልዎት» ብሎ ቁልፉን ራሱ ይዞ ይሄዳል።

4. የትምህርት ቤቱን መንገድ ይጠቀሙ

ጥቃት የሚያስብ ልጅ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን አስቀድሞ ለእኩዮቹ ይናገራል ወይም በስልክ ይጽፋል። ሰሚው ልጅ ዝም የሚለው አሳባቂ እንዳይባል ነው፤ እኛም ገመና መሸፈንን እያመሰገንን ስላሳደግናቸው ገመና መሸፈን አደጋን ከመደበቅ የሚለይበትን በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል። ልጅዎ አንድ ነገር ካሳየዎት ጽሑፉ ሳይጠፋ ስክሪኑን ፎቶ ያንሱና ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ይላኩ፤ ወይም የትምህርት ቤት ስጋት በሚጠቆምበት በሴፍ ስኩልስ ሜሪላንድ ስልክ 1-833-632-7233 ይደውሉ። መስመሩ ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ ስም መናገርም ግዴታ አይደለም። አደጋው የዚያኑ ሰዓት ከሆነ ግን 911 ይደውሉ። በልጅ ስም የሚመጣን የፖስታ ጥቅልም ይዩ፤ በጃንዋሪ 2022 በማግሩደር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሌላ ተማሪ የቆሰለበት ሽጉጥ በኢንተርኔት ከተገዙ ክፍሎች የተገጣጠመ ነበር።

5. አደገኛ ምልክት ሲያዩ ፍርድ ቤት ይሂዱ

በቤትዎ መሣሪያ ያለው ሰው «ራሴን አጠፋለሁ» ወይም «እገላችኋለሁ» ማለት ከጀመረ፣ ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2018 ጀምሮ መሣሪያውን ለጊዜው የሚያስነሣ ትእዛዝ ይሰጣል። አቤቱታውን የትዳር ጓደኛ፣ የቤተሰብ አባል፣ የጤና ባለሙያ ወይም ፖሊስ ለዲስትሪክት ኮርት ሊያቀርብ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ በተዘጋበት ሰዓት ደግሞ የዲስትሪክት ኮርት ኮሚሽነሩ ይቀበላል። ክፍያ የለውም። በቨርጂኒያ በ2020 የወጣው ሕግ አቤቱታውን ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ብቻ ስለተወው፣ እዚያ የሚኖር ቤተሰብ ወደ ፖሊስ መሄድ ይኖርበታል።

ብዙ ሰው የትዳር ጓደኛውን ወይም ልጁን የሚያሳስር እየመሰለው ይፈራል። ይህ የወንጀል ክስ አይደለም፤ የመጨረሻው ትእዛዝ የሚቆየውም ቢበዛ አንድ ዓመት ነው። ሽጉጥ ተጠቅመው ራሳቸውን ለማጥፋት ከሚሞክሩት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ስለሚሞቱ ያ ጊዜ ሕይወት ነው። የተነገረውን ቃል፣ ቀኑንና መሣሪያው የሚቀመጥበትን ቦታ በወረቀት ጽፈው ይያዙ። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎትም ገና ሲገቡ «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብለው ይጠይቁ፤ የአስተርጓሚውን ወጪ የሚሸፍነው ፍርድ ቤቱ ነው።