«በሽሩባና በወርቅ አይደለም»፦ ስለ ሴቶች ልብስና ጠጉር የጥንቱን ትምህርት ስናነብ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ብዙውን ጥፋት የሚያመጣው አንድ ቃል ነው። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥9 ሴቶች «በሽሩባና በወርቅ ወይም በዕንቍ ወይም ዋጋው እጅግ በከበረ ልብስ» እንዳይሸለሙ ይላል። የእኛ አንባቢ ሽሩባ ሲባል የሚታየው እናት ልጇን ጭኗ መሐል አስቀምጣ የምትሠራላት ሹሩባ ነው። ደብዳቤው ግን ጢሞቴዎስ ኤፌሶን ሳለ የተጻፈለት ነው። በ1ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የሮም ባለጸጋ ሴት ጠጉሯ በጋለ ብረት ይጠቀለላል፣ ከግንባሯ በላይ ይቆለላል፣ የኋላው ተጎንጉኖ በአጥንት መርፌ ይያዛል፤ ካነሰም የሌላ ሰው ጠጉር ይጨመርበታል። ሥራው ለዚሁ የተመደበች ባሪያ ይጠይቃል። ስለዚህ ሽሩባውን ከወርቁ፣ ከዕንቁውና ከውዱ ልብስ ነጥሎ ማንበብ ስህተት ነው፤ አራቱም አንድ ላይ የሀብት መታያ ናቸው። በዚህ ጥቅስ ሹሩባ የተሠራችን ልጅ ማሸማቀቅ ያሳዝናል።

1ኛ ጴጥሮስ 3፥3ን እንደ ፍጹም ክልከላ መውሰድም አያስኬድም። ጠጉር ከመሸረብና ወርቅ ከማንጠልጠል ጋር «ልብስን በመጐናጸፍ» ይላልና ልብስ መልበስም ሊከለከል ነው! የግሪኩ ዋና ጽሑፍም «ውድ» የሚል ቃል አልጨመረም። ቁጥር 4 ድረስ ይዝለቁ፤ ጌጡ የሚነጻጸረው ከተሰወረው የልብ ሰው ጋር ነው።

በጸሎት ጊዜ ስለ ራስ መከናነብ የሚናገረውን 1ኛ ቆሮንቶስ 11ን የሴቶች ብቻ ማድረግ ሌላው ስህተት ነው። ቁጥር 4 ራሱን ተከናንቦ የሚጸልየውን ወንድ ይገሥጻል። ቆሮንቶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት እንደገና የተቆረቆረች የሮም ቅኝ ከተማ ነበረች፤ የሮም ወንድ ደግሞ መሥዋዕት ሲያቀርብ የቶጋውን፣ ማለት የሚጎናጸፈውን ሰፊ ልብስ፣ ጫፍ ራሱ ላይ ይስባል። አውግስጦስ ቄሣር እንዲህ ተከናንቦ የተቀረጸበት ሐውልት እዚያው ቆሮንቶስ ተገኝቷል። ቁጥር 5ም ቢሆን ሴቲቱ «ስትጸልይ ወይም ትንቢት ስትናገር» ይላል፤ ዝም ያለች ሴት አይደለችም።

የአንዱን የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ቃል የሁሉም አገር ልማድ ማድረግም አለ። ተርቱልያን ደናግል ይከናነቡ ብሎ አጥብቆ የጻፈው በ3ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በሰሜን አፍሪካዋ ከተማ በካርታጎ ያልተከናነቡ ደናግል ስለነበሩ ነው። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ለጠጉር ተራ መያዣ ይበቃል ይላል፤ የሚቆጣው በሚቀጠል የሌላ ሰው ጠጉር ላይ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ካህኑ እጁን ሲጭን የሚባረከው የሌላ ሰው ጠጉር ይሆናል።

ሲኖዶስ በተባለው የቀኖና መጽሐፍ ውስጥ በግእዝም የደረሰን «የሐዋርያት ትውፊት» የተባለው ጥንታዊ የሥርዓት መጽሐፍ ሴቶች በመጎናጸፊያ ይሸፈኑ፣ ስስ በፍታ ግን መሸፈኛ አይደለም ይላል። ይኸው መጽሐፍ ለጥምቀት ሲደርስ ጠጉራቸውን እንዲፈቱና የወርቅና የብር ጌጣቸውን እንዲያወልቁ ያዛል። እንግዲህ ትእዛዙ የትኛውን ሰዓት እንደሚመለከት ሳይጠይቁ መጥቀስ አይገባም።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ደግሞ የተገላቢጦሹን ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን በታናሽ እስያ የተሰበሰበው የጋንግራ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ያወገዘው ጌጠኛዋን ሳይሆን፣ በምናኔ ስም ጠጉሯን የቆረጠችውንና የወንድ ልብስ የለበሰችውን ሴት ነበር።