የግቢያችሁን ጥግ በስልክ ስትፈልጉ

ሰርቬየር ነኝ። ሰው ስልኩን ዘርግቶ «በካርታው ቁጥር መሠረት እኮ ቤቴ መንገድ ላይ ነው!» ሲለኝ አልደነግጥም። አብዛኛውን ጊዜ ሳተላይቱም ካርታውም ጥፋት የለባቸውም።

መጀመሪያ ከቆርቆሮ ሥር ውጡ። ፎቅ ካለም ራቁ፤ ሲግናሉ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ሲመጣ ስልኩ ሳተላይቱ የራቀ ይመስለዋል። ሰማዩ ወለል ብሎ በሚታይበት ቦታ ቁሙና ጥቂት ታገሡ።

ስልኩ የሚለካው ጊዜን ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ያሉበትን ቦታና ሰዓቱን ሳያቋርጡ ይናገራሉ። ሲግናሉ ወደ 0.07 ሴኮንድ ፈጅቶ ይደርሳል፤ ስልኩ ይህን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ርቀት ያወጣል። ያላችሁበትን ቦታ ለማወቅ ከሦስት ሳተላይቶች ያለው ርቀት በበቃ ነበር። ግን የስልክ ሰዓት እንደ ሳተላይቱ አቶሚክ ሰዓት አይታመንም፤ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ቢዛነፍ 300 ሜትር ይስታል። አራተኛው ሳተላይት የሚያስፈልገው ያንን ስህተት ለማውጣት ነው።

ሁሉም ቢሟላ ስልክ 5 ሜትር ገደማ ይስታል። በ150 ካሬ ቦታ ላይ 5 ሜትር ማለት አንድ ሙሉ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ብዙ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የቆየ ዳተም ነው፤ ዳተም ማለት የቦታ ቁጥሮች የሚቆጠሩበት መነሻ ነው። ስልኩ ደግሞ የሚሠራው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ ዳተም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካርታው ላይ ያሉትን የጥግ ቁጥሮች፣ በ47 የሚጀምረውን ኤክስና በ99 የሚጀምረውን ዋይ፣ የስልኩ ጂፒኤስ አፕ ላይ እንዳለ ብታስገቡት ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ፣ ትንሽም ወደ ምዕራብ ይወስዳችኋል። ሌላ ሰፈር ማለት ነው! ስለዚህ አፑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዳተሙን አዲንዳን፣ ዞኑን 37 ሰሜን አድርጉት። ዳተም የማያስመርጥ አፕ ከሆነ አጥፉትና ሌላ ጫኑ።

እንዲህ አድርጋችሁ ቦታው የት አካባቢ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሊገዛ የታሰበ መሬት ለማየት ይበቃል። አጥር ለመትከል ግን ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱ። ለዚያ ኤርቲኬ የሚባል የሰርቬየር ጂፒኤስ አለ፤ በታወቀ ነጥብ ላይ የቆመ ሌላ መሣሪያ እርማት ስለሚልክለት ስህተቱ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ሰርቬየሩ ሲመጣ ታዲያ ዋናውን ካርታ አቅርቡለት። በስልክ የተነሳ ፎቶ ላይ 3 እና 8 ይምታታሉ።