መብራት ሲጠፋም ጫጩቶቼ አይበርዳቸውም

ጎንደር ሌሊቱ ይበርዳል። 30 የአንድ ቀን ጫጩቶቼን በካርቶንና በአምፖል ነበር የያዝኳቸው። መብራት በጠፋ ሌሊት ጥግ ላይ ተደራርበው ሰባቱ ታፍነው ሞቱብኝ፤ አንጀቴን በላው።

ካርቶኑን ትቼ የጭድ ሳጥን ሠራሁ። በጣውላ ሳጥን ውስጥ ዙሪያውን ደረቅ ጭድ ጠቅጥቄ መሃሉን ክብ አድርጌ ተውኩት፤ ጥግ ከሌለ አይደራረቡም። ክዳኑ ጭድ የሞላሁት ጆንያ ነው፣ አየር ማስገቢያ ግን የግድ ነው። ማታ ማታ የገዛ ገላቸው ሙቀት ያሞቃቸዋል፤ አምፖሉን የማበራው ቀን ብቻ፣ ከጭዱ አርቄ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋሉ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ያህል ይቀንሳል። እኔ ግን ከቴርሞሜትሩ ይበልጥ እነሱን አያለሁ፦ ተጣብቀው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ክንፋቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል።

ትናንትም መብራት ጠፍቶ አደረ። ጠዋት ጆንያውን ሳነሳ 23ቱም ቀና ብለው አዩኝ።