ከኮርኒስ በላይ ያለውን ቦታ ዕቃ ማስቀመጫ ማድረግ፣ ብርዱንም አብሮ መከልከል

ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ከኮርኒሱ በላይ ባዶ ቦታ አያጣም፤ ከጣሪያው ወገብ ሥር ሰው ተንበርክኮ የሚሄድበት ያህል ከፍታ አለው። ብዙ ሰው ቦታው ትዝ የሚለው ሻንጣና ብርድ ልብስ ማስቀመጫ ሲያጣ ነው። አናጢ ይጠራና በኮርኒሱ እንጨት ላይ ጣውላ ያስደረድራል። ኮርኒሱን የያዘው 4 በ5 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ (ቀጭን አራት ማዕዘን እንጨት) ግን የተመታው 8 ሚሊ ሜትር ችፑድ እንዲይዝ ብቻ ነው። ጣሪያውን የተሸከመው ባለ ሦስት ማዕዘን እንጨት የታችኛው አግዳሚም ቢሆን የተሠራው ለቆርቆሮውና ለኮርኒሱ እንጂ ለዕቃ አይደለም። ስለዚህ ዕቃው የሚያርፍበት ወለል ክብደቱን በቀጥታ ለግድግዳ የሚያስረክብ የራሱ ተሸካሚ ይኑረው። ኮርኒሱን አይንካ፣ አግዳሚውንም አይደገፍ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወጥቶ ማየት ያስፈልጋል። ጊዜው ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ከቆርቆሮ ሥር የሚቆየው ሰው ይዝላል፣ የዛለ ሰው ደግሞ የሚረግጠውን አያይም። እግር የሚያርፈው አግዳሚው ላይ ብቻ ነው። ችፑድ ሰው አይችልም፤ ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ለመሻገር ጠንካራ ጣውላ ይጋደም። ፀሐይ ስትወጣ ባትሪውን አጥፍተው ቀና ቢሉ የቆርቆሮው ቀዳዳዎች እንደ ነጥብ እያበሩ ይታያሉ። እያንዳንዱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። አብዛኞቹ የሚገኙት ሚስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መመታት ሲገባው ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ የተመታበት ቦታ ነው። እነዚህ ካልተደፈኑ የሚነጠፈው ሁሉ በመጀመሪያው ክረምት ይበሰብሳል። ጣሪያው ወይም ኮርኒሱ ያረጀ ኢተርኒት (አስቤስቶስ ያለበት የሲሚንቶ ሉህ) ከሆነ ግን ሥራው እዚያው ይቁም፤ ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ መቦርቦርም መቁረጥም አይገባም። የአቡጀዴ ኮርኒስ ያለበት ቤትም መጀመሪያ ኮርኒሱ መቀየር አለበት።

ለወለሉ የሚመረጠው ቦታ ኮሪደሩ ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች ስለሚቀራረቡ ተሸካሚው አጭር ይሆናል፤ አጭር ተሸካሚ ደግሞ ርካሽም ጠንካራም ነው። ሳሎን ላይ 4 ሜትር የሚሻገር ወለል የመሐንዲስ ሥራ እንጂ የአናጢ ግምት አይደለም። ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ ጫፉ ላይ የኮንክሪት ማሰሪያ ካለው ጥሩ ነው። የችፑድ ክፍልፍል ከሆነ ምንም አይጫንበትም። የጭቃ ቤት ከሆነም ግድግዳውን ትቶ ከመሬት የሚነሣ የብረት እግር ማቆም ይሻላል።

ስሌቱን 1.40 ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ርዝመት ባለው ኮሪደር እንየው። በሁለቱም ግድግዳ ጫፍ ላይ 5 በ7 እንጨት በቁሙ፣ ማለትም 7ቱ ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ሆኖ ይጋደማል፤ አግዳሚው በሚያልፍበት ላይ ይቆረጣል። በድምሩ 10 ሜትር ይፈጃል። በዚህ እንጨት ላይ 40 በ60 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ኮሪደሩን አቋርጦ ይቀመጣል፣ 60ው ወደ ላይ ሆኖ። እያንዳንዱ በሁለቱም ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ እንዲያርፍ 1.60 ሜትር ይቆረጣል። በመካከላቸው 40.7 ሴንቲ ሜትር፣ ከመሀል እስከ መሀል እየተለካ፣ 13 ፍሬ ይሰለፋል። የ6 ሜትር ቱቦላሬ ሦስት ስለሚያወጣ 5 ይበቃል። የተቆረጠው ጫፍ ፀረ ዝገት ይቀባ። በእንጨት መሥራት የሚፈልግ በቱቦላሬው ፋንታ 5 በ10 የደረቀ እንጨት በቁሙ ይጠቀም፤ 5 በ7 ግን ለዚህ ስፋት ይረግባል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ቅርፊቱ ያልተላጠ ከሆነም ነቀዝ ይገባበታል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ለአጥር እንጨት የተለመደ ነው፤ ከመኝታ ክፍል በላይ ግን ሽታውም የእሳት አደጋውም አይመከርም።

ከፍታው በዚህ መንገድ የተመረጠው በምክንያት ነው። የባሕር ዛፉ አግዳሚ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፤ 7 ሲደመር 6 አሥራ ሦስት ስለሚሆን ወለሉ ሳይነካው ያልፋል። ከታች ደግሞ ኮርኒሱ አግዳሚው ሥር በ5 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ ከተመታ፣ ከችፑዱ እስከ ወለሉ 18 ሴንቲ ሜትር ይገኛል። 10ሩን ብርድ መከላከያው ሲይዘው ቀሪው ለአየር ይሆናል።

ብርድ መከላከያው ከወለሉ በፊት ይነጠፋል፤ የሚነጠፈውም በኮሪደሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በመላው ቤት ነው። የሚሻለው ግላስ ዉል የሚባለው የመስታወት ሱፍ ነው፤ አይቃጠልም፣ የዝናቡንም ጩኸት ይቀንሳል። ባለ 5 ሴንቲ ሜትሩ ሁለት ድርብ ይደረጋል፦ የመጀመሪያው በሞራሌዎቹ መካከል፣ ሁለተኛው እሱን አቋርጦ፣ መጋጠሚያው እንዲሸፈን። 60 ካሬ ሜትር ኮርኒስ 120 ካሬ ሜትር ሱፍ ይፈልጋል፤ ለቁርጥራጭ 5 በመቶ ይጨመር። ሱፉን የሚሠራው በውስጡ የተያዘው አየር ስለሆነ አይጠቅጥቁት፤ ተጨፍልቆ ግማሽ ከሆነ ጥቅሙም ወደ ግማሽ ይጠጋል። ጓንት፣ ረጅም እጅጌና የአፍንጫ መሸፈኛ ግድ ነው። ፎም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሲነድ መርዛማ ጭስ ያወጣል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከነካም ከጊዜ በኋላ የሽቦውን ፕላስቲክ ያደርቀዋል። ጭድ ደግሞ ለአይጥ ድግስ ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ግን ዋናው ጠላት ከቆርቆሮው የሚወርደው ሙቀት ስለሆነ፣ ከቆርቆሮው ዝቅ ብሎ የሚወጠር የሚያብለጨልጭ ፎይል ቅድሚያ ያገኛል፤ አብለጭላጩ ፊት ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር አየር ከሌለው ግን ምንም አይሠራም።

ብዙዎች የሚስቱት እርጥበቱን ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮው ሌሊት ከውጭው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የቡናው፣ የወጡና የታጠበው ልብስ እንፋሎት በኮርኒሱ ስንጥቅ ወጥቶ ቆርቆሮውን ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ጠዋት «ጣሪያው ያፈሳል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ሱፍ ሲነጠፍ ደግሞ ከላይ ያለው ቦታ ከቀድሞው ይብስ ይቀዘቅዛል፣ ጠብታውም ይጨምራል። ስለዚህ ሱፉ ከመነጠፉ በፊት የኮርኒሱ ስንጥቅ፣ የአምፖሉ ቀዳዳና የግድግዳው ጥግ በሲሊኮን ወይም በጀሶ ይደፈን። በጣሪያው ክፈፍ ዙሪያ ያለው የአየር መግቢያ ግን በሱፍ አይታፈን፤ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይቅር፣ አይጥና ወፍ እንዳይገባ በጠበቀ የሽቦ ወንፊት ይሸፈን። ሱፉ ላይ ፕላስቲክ ማልበስም እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራል።

ሽቦዎቹ ይታዩ። በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ ካለ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ይግባ። የእንጀራ ምጣድ እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ሽቦው በሱፍ ተከቦ ከተቀበረ የመሸከም አቅሙ እስከ ግማሽ ይወርዳል፣ ይግላልም። የምጣድና የውሃ ማሞቂያ መስመር ከሱፉ በላይ ተነሥቶ ይታሰር። የሚግሉ ስፖት አምፖሎችም በሱፍ አይሸፈኑ።

ለወለሉ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀበት ሉህ) ከችፑድ ይመረጣል፤ ችፑድ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል። ሉሁ 122 በ244 ስለሆነ በመውጫው አያልፍም፤ እያንዳንዱ ታች እያለ በ61 በ122 ለአራት ይቆረጥ። የቁራጩ 122 በኮሪደሩ ርዝመት ሆኖ በሁለት ረድፍ ሲነጠፍ ሁለት ሉህ 4.88 ሜትር ርዝመትና 1.22 ሜትር ስፋት ይሸፍናል፣ የቁራጮቹ ጫፍ መጋጠሚያም ሁልጊዜ ቱቦላሬ ላይ ያርፋል፤ 40.7 የተመረጠውም ለዚህ ነው። በሚስማር ሳይሆን በብሎን ይታሰር፤ መዶሻ ከታች ያለውን ኮርኒስ ያራግፋል፣ ሽቦ መፈተሽ ሲያስፈልግም ብሎን ይፈታል። የጣሪያው ቋሚ ወይም ሰያፍ እንጨት መንገድ ከዘጋ ኮምፔንሳቶው ይቆረጥለት እንጂ እንጨቱ አይነካ።

መውጫው 60 በ70 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከወለሉ ጫፍ አጠገብ፣ ከኮሪደሩ ጎን ባለው ክፍል ኮርኒስ ላይ ቢሆን ተሸካሚ መቁረጥ አያስፈልግም። ዙሪያው በድርብ ሞራሌ ይጠናከር። ክዳኑ ላይም 10 ሴንቲ ሜትር ሱፍ ይለጠፍ፣ ጠርዙ በስፖንጅ ጎማ ይታሸግ፤ ይህ ካልተደረገ የደፈኑት ሙቀትና እንፋሎት ሁሉ በዚያ ይወጣል።

በካሬ ሜትር ከ60 ኪሎ በላይ አይጫን። ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ፣ የበዓል ዕቃ ክዳኑ በሚገጥም ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይሁን። አንድ ኩንታል ጤፍ 100 ኪሎ ነው፣ አይጥም ይጠራል። ትንሽዬ የ500 ሊትር ሮቶ ውሃ ብቻዋን ግማሽ ቶን ትመዝናለች። ጧፍ ይቀልጣል፣ ፎቶና መድኃኒት ይበላሻሉ፤ ጋዝና ነዳጅ በፍጹም አይውጣ።

ሱፉ ከተነጠፈ በኋላ በመጀመሪያው ብርዳማ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ባትሪ ይዘው የቆርቆሮውን ሆድ ይዩ። ጠብታው የረጋው በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ከሥሩ ያልተደፈነ ስንጥቅ አለ፤ መላው ቆርቆሮ ካላበው የክፈፉ አየር መግቢያ ታፍኗል።