«ፍላሼን ቫይረስ በላብኝ»፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ደንበኛ ሱቅ ገብቶ «ፍላሼን ቫይረስ በላብኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ፎርማት አድርገኸዋል? አላደረግኩም ካለኝ ተንፈስ እላለሁ።

ምልክቱ፦ ፎልደሮቹ ሁሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አውጥተዋል። ወይም የፍላሹን ስም የያዘ አንድ ሾርትካት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ) ብቻ ይታያል። መጠኑን እዩት፤ አንድ ሁለት ኪሎባይት ነው። የስንት ዓመት ፎቶ በሁለት ኪሎባይት ይገባል እንዴ?

ምክንያቱ፦ ቫይረሱ ምንም አልበላም። ፋይሎቻችሁን ደብቆ በቦታቸው ሾርትካት አስቀምጧል። አብዛኛውን ጊዜ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል። ሾርትካቱን ስትከፍቱ ቫይረሱ ይነሳል፤ እግረ መንገዱን እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትላችኋል። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ሥራችሁ ስላልተቋረጠ አትጠረጥሩም። ኮምፒውተሩ ግን ተይዟል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰካበትን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል።

አንዲት እናት የልጃቸው ሰርግ ፎቶ ጠፍቶ እያለቀሱ መጡ። ፍላሹ ባዶ ይመስላል። ፕሮፐርቲስ ከፈትኩ፤ ከ16 ጊጋባይቱ 14ቱ ተይዟል። ባዶ ፍላሽ 14 ጊጋባይት አይዝም! አንድ ተመራቂ ተማሪ ደግሞ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ ሲሄድ ሦስት ጊዜ ፎርማት አድርጓል። ፎቶ ኮፒ ቤቱን ሲረግም ነበር። ቫይረሱ ለካ የገዛ መኖሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

መፍትሔው፦ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ፣ ቀጥሎ ፍላሹ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት በከንቱ ትደክማላችሁ።

ፍላሹን ንቀሉ። ታስክ ማናጀር (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየው መስኮት) ውስጥ «ስክሪፕት ሆስት» የሚል ነገር ያለምክንያት የሚሠራ ከሆነ አስቁሙት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱት የሚዘረዘሩበት ስታርትአፕ የሚለው ገጽ ላይ የማታውቁትን አጥፉ። ከዚያ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን አንቲቫይረስ፣ የዊንዶውስ ዲፌንደርን፣ ኦፍላይን ስካን አስነሡ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳል፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ታገሡት። ቀጥሎ ሙሉ ስካን።

አሁን ፍላሹን ሰክታችሁ እሱንም ስካን አድርጉ። ሾርትካቶቹን አትንኩ! የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ፎልደር ኦፕሽንስ ገብታችሁ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምልክት አንሱ። ብዙ ሰው ይህችን ይዘልና «የለም» ብሎ ይመለሳል። ፈዘዝ ብሎ የሚታየው ፎልደር የእናንተ ነው። ሰነድና ፎቶውን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጡ፤ የማታውቁት ፋይል እዚያው ይቅር። ፎርማት የሚደረገው አሁን ነው።

ዲፌንደር አልነሳ ካለ ወይ የሆነ ክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለክፍያ የሚያስከፍት) አጥፍቶታል፣ ወይ ሌላ አንቲቫይረስ ተጭኗል። ክራኩን ስትጭኑ «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ» አላላችሁም? ሌባ «ውሻህን እሰር» ቢላችሁ ታስራላችሁ? ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ መጫንም ኮምፒውተሩን ከማንቀርፈፍ በቀር አይፈይድም።

ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ፣ የጥገና ድጋፉ ጃንዋሪ 2020 ላይ አብቅቷል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አልቋል። ለዊንዶውስ 10 የተራዘመውን የደህንነት ድጋፍ ካልተመዘገባችሁበት በቀር፣ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንላችሁ የለም።

ጥግ ላይ «ኮምፒውተርህ ተበክሏል» የሚል ማስታወቂያ የሚዘንብባችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ አይደለም። አንድ ድረ ገጽ ኖቲፊኬሽን ልላክ ሲላችሁ እሺ ብላችሁታል። ብራውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ፈቃዱን ሰርዙ።

የፋይሎቹ ቅጥያ (ከስማቸው ነጥብ በኋላ ያለው) ተለውጦ የገንዘብ መጠየቂያ ደብዳቤ ካገኛችሁ ኢንተርኔቱን ንቀሉ። ሌላ ቦታ ቅጂ ከሌላችሁ ተስፋው ጠባብ ነው።

የፋይል ስሞች ወደማይነበብ ምልክት ከተለወጡስ? ይሄኔ ብዙውን ጊዜ የታመመው ፍላሹ ራሱ ነው። በቡና ዋጋ የተገዛ «1 ቴራባይት» ፍላሽ ውስጡ ጥቂት ጊጋባይት ነው። ሲሞላ የነበረውን እየደረበ ያጠፋዋል። የተደረበበትን እኔም አልመልስላችሁም።